በቆሎ መዝሪያ ከሠራው ተማሪ እስከ አንጎል መሳይ ቺፕ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በሽንዲ፣ በደምበጫ፣ በመርዓዊና በየገጠር ቀበሌው ሆናችሁ ለምትከታተሉን ሁሉ ያሰናዳነው ዝግጅት ነው። ተማሪዎች፣ ደብተርና እስክሪብቶ ያዝ አድርጉ። መምህራን፣ በዝግጅቱ ማብቂያ ላይ ለክፍል ውይይት የሚሆኑ ሦስት ጥያቄዎች አሉን።

የዛሬው ርእሳችን ኮምፒውተርና የሰው አንጎል ነው። የኮምፒውተርን ቺፕ በነርቭ ሥርዓት አምሳል ለመሥራት ከሠላሳ ዓመት በላይ የደከሙ አንድ አፍሪካዊ የምህንድስና ፕሮፌሰር አሉ። ክዋቤና ቦአሄን ይባላሉ። ትውልዳቸው ጋና፣ ማስተማሪያቸው ደግሞ አሜሪካ የሚገኘው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። የሥራቸው ዋና ጥያቄ አንድ ነው፦ አንጎላችን በጥቂት ኃይል ይህን ሁሉ ሥራ እንዴት ይሠራል? ኮምፒውተርስ ለምን አይችልም? በዝግጅታችን የምንጠቅሳቸው ዘመናት፣ «ዓመተ ምሕረት» ብለን ካልለየናቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

ነገሩን ከበቆሎ እንጀምረው። የበቆሎን ጣጣ የጎጃም ገበሬ ያውቀዋል። ዝናቡ መጣል ሲጀምር ቢኤች 660ን የመሰለ ምርጥ ዘር ከማኅበሩ ይገዛል፤ ገመድ ተወጥሮ መስመር ይወጣል፤ አንዱ ማዳበሪያውን ይጨምራል፤ ሌላው ጎንበስ ብሎ ፍሬውን ይጥላል፤ ልጆች ከኋላ አፈር ይመልሳሉ። ማሳው እስኪያልቅ ወገብ አይቃናም። በቆሎ በጋናም ዋና እህል ነው፤ የዘሩ ድካምም እዚያው አለ።

ወጣቱ ክዋቤና ቦአሄን በዚያች አገር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ የበቆሎ መዝሪያ መሣሪያ ፈለሰፉ። መሣሪያውም በአገር አቀፍ የሳይንስ ውድድር አሸናፊ ሆነ። የተማሩበት ምፋንትሲፒም የተባለው ትምህርት ቤት ኬፕ ኮስት በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ይገኛል፤ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ኮፊ አናንም የተማሩት እዚያው ነው። ቦአሄን በ1981 ትምህርታቸውን ሲያጠናቅቁ ከክፍላቸው አንደኛ ነበሩ።

ከቤታቸውም ያገኙት ነገር አለ። አባታቸው ፕሮፌሰር አልበርት አዱ ቦአሄን ስመ ጥር የታሪክ ምሁር ነበሩ፤ በ1992 ለጋና ፕሬዚዳንትነት ተወዳድረዋል። ዩኔስኮ ያሳተመውን የአፍሪካ አጠቃላይ ታሪክ ሰባተኛ ቅጽ በአርታኢነት የመሩት እሳቸው ናቸው። በዚያ ቅጽ ውስጥ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ከቅኝ አገዛዝ ዘመን ነጻነታቸውን ይዘው እንዴት እንደተሻገሩ የሚተርክ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለ። አባት ያለፈውን ዘመን መረመሩ፤ ልጅ ደግሞ ወደ ማሽን አዘነበሉ።

ልጁ በአክራ ሲያድጉ ኮምፒውተር ተገዛላቸው። እንደማንኛውም ልጅ ጌም ተጫወቱበት፤ ቤዚክ በሚባለው ቋንቋም ፕሮግራም መጻፍ ተማሩ። ከዚያ ግን ቤተ መጻሕፍት ገብተው ይህ ዕቃ ውስጡ ምን እንደሚሠራ አነበቡ። ያነበቡት ነገር አላረካቸውም። ለምን አላረካቸውም? ይህን ለመረዳት የኮምፒውተርን ሆድ ዕቃ ትንሽ መክፈት ያስፈልገናል።

ዛሬ የምንጠቀምባቸው ኮምፒውተሮችና ሞባይሎች አብዛኞቹ የሚሠሩት በ1945 ጆን ቮን ኖይማን በጻፈው ንድፍ መሠረት ነው። በንድፉ ውስጥ ሁለት ዋና ክፍሎች አሉ። አንዱ የሚያስበው ክፍል፣ ፕሮሰሰር የምንለው ነው። ሁለተኛው የሚያስታውሰው ክፍል፣ ሜሞሪ የምንለው ነው። ሁለቱ ተለያይተው ተቀምጠዋል። ኮምፒውተሩ ሦስትና አምስትን ሊደምር ነው እንበል። ፕሮሰሰሩ መጀመሪያ «ምን ላድርግ?» ብሎ ትእዛዙን ከሜሞሪ ያስመጣል። ቀጥሎ ሦስትን ያስመጣል። ቀጥሎ አምስትን ያስመጣል። ይደምራል። ስምንትን ይዞ ተመልሶ ያስቀምጣል። አንዲት መደመር ለመሥራት አራት ጊዜ መመላለስ ማለት ነው። በሴኮንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ስሌት ሲሠራ ምልልሱም በቢሊዮን ይቆጠራል። የሚያሳዝነው፣ ከሚጠፋው ኤሌክትሪክ ብዙው የሚያልቀው በማሰቡ ላይ ሳይሆን በማመላለሱ ላይ ነው።

ወጣቱ ቦአሄን ይህን ሲያነቡ «ከዚህ የተሻለ፣ የረቀቀ መንገድ መኖር አለበት» የሚል ሐሳብ አደረባቸው። መንገዱን ያገኙት በኋላ፣ አሜሪካ ገብተው ሲማሩ ነው። የተሻለው ማሽን ራስ ቅላቸው ውስጥ ኖሯል።

(አጭር ሙዚቃ)

የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች አሉት። እያንዳንዱ ሴል በሺዎች ከሚቆጠሩ ሌሎች ሴሎች ጋር ይገናኛል፤ የመገናኛው ነጥብ ሲናፕስ ይባላል። ይህ ሁሉ ሲሠራ የሚፈጀው ኃይል 20 ዋት ያህል ነው። በአንጻሩ ዛሬ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሠልጠኛ የሚውለው፣ ኤች 100 የተባለው የኤንቪዲያ ቺፕ አንዱ ብቻውን እስከ 700 ዋት ይፈጃል። አንድን ትልቅ የቋንቋ ሞዴል ለማሠልጠን ደግሞ እንዲህ ያሉ ቺፖች በሺዎች ይደረደራሉ።

የአንጎል ምስጢር ምንድን ነው? የነርቭ ሴልን አሠራር ለመረዳት የቆጋ መስኖን እናስብ። ከመርዓዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ ወደ 7 ሺህ ሄክታር መሬት እንዲያለማ ታስቦ የተሠራ ነው። የመስኖው ተጠቃሚዎች የሌሊት ማጠራቀሚያ ኩሬዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። ሌሊት ውኃው ከቦዩ ወደ ኩሬው ይገባል፤ ቀን በሩ ሲከፈት ወደ ማሳ ይወርዳል። አሁን አንድ ለየት ያለ ኩሬ በአእምሯችሁ ሣሉ። ወደዚህ ኩሬ የሚገቡት ቦዮች በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ አንዳንዱ ብዙ፣ አንዳንዱ ጥቂት ውኃ ያመጣል። ውኃ የሚቀንሱ ቦዮችም አሉ። የኩሬው ግድግዳ ትንሽ ያፈስሳል፤ ስለዚህ ውኃው ከቆየ እየጎደለ ይሄዳል። ውኃው ከተወሰነ ምልክት ላይ ሲደርስ ግን በሩ ራሱ ብድግ ብሎ ይከፈታል፤ ውኃው በአንድ ጊዜ ይለቀቃል፤ ኩሬው ይጎድላል፤ መሙላቱም እንደገና ይጀምራል።

የነርቭ ሴል ሥራ ይኸው ነው። በውኃ ፋንታ የሚጠራቀመው የኤሌክትሪክ ሙል ነው። ሴሉ ዕረፍት ላይ ሲሆን የውስጡ ቮልቴጅ ከውጭው 70 ሚሊ ቮልት ያህል ዝቅ ይላል። ከጎረቤት ሴሎች መልእክት ሲመጣ ቮልቴጁ ከፍ፣ ከፍ ይላል። ወሰኑን ሲያልፍ አንዲት አጭር የኤሌክትሪክ ምት ትወጣለች፤ ርዝመቷ አንድ ሚሊ ሴኮንድ፣ ማለትም የሴኮንድ አንድ ሺህኛ ያህል ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ያዙልኝ። አንደኛ፣ ማሰቢያውና ማስታወሻው አንድ ቦታ ነው። በሴሎቹ መካከል ያለው ግንኙነት መጥበቁና መላላቱ ራሱ ትዝታችን ነው፤ ስለዚህ ወዲያና ወዲህ መመላለስ የለም። ሁለተኛ፣ የሚናገረው ነገር የሌለው ሴል ዝም ይላል፤ ዝም ያለ ደግሞ ብዙ ኃይል አይፈጅም። የኮምፒውተር ፕሮሰሰር ግን አዲስ ነገር ኖረም አልኖረም ሰዓቱ ይመታል፤ በሴኮንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ጊዜ።

(አጭር ሙዚቃ)

ቦአሄን በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተምረው በ1989 የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪያቸውን አገኙ። ቀጥለው ወደ ካሊፎርኒያ፣ በተለምዶ ካልቴክ ወደሚባለው የቴክኖሎጂ ተቋም ሄዱ። እዚያ የጠበቋቸው መምህር ካርቨር ሚድ ነበሩ። ሚድ በቺፕ ንድፍ አንቱ የተባሉ ሰው ናቸው። «ኒውሮሞርፊክ»፣ ማለትም ነርቭ መሳይ፣ የሚለውን ስያሜ ለዚህ የምህንድስና ዘርፍ የሰጡትም እሳቸው ናቸው።

የሚድ ግኝት ምን ነበር? ትራንዚስተር የኤሌክትሪክ ጅረትን የሚያስተላልፍና የሚያግድ ደቃቅ ዕቃ ነው። ተራው ኮምፒውተር ከትራንዚስተር የሚፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ወይ ሙሉ በሙሉ ክፈት፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ዝጋ። ሚድ ግን ሌላው መሐንዲስ እንደ ጉድለት ያየውን ነገር ጠጋ ብለው አዩት። ትራንዚስተሩ «ተዘግቷል» በሚባልበት ጊዜም ጥቂት ጅረት ይሾልካል። በዚህ ሁኔታ ቮልቴጁን በትንሽ በትንሹ ከፍ ብታደርጉት፣ የሚሾልከው ጅረት በእጥፍ በእጥፍ ያድጋል። በነርቭ ሴል ቆዳ ላይ ያሉት የአዮን መተላለፊያ ቀዳዳዎችም ለቮልቴጅ የሚሰጡት ምላሽ እንዲሁ በእጥፍ የሚያድግ ነው። የፊዚክሱ ሕግ ተመሳሳይ ከሆነ፣ የነርቭን ሥራ በሂሳብ ቀመር እያሰሉ ከመኮረጅ ይልቅ ሲሊከኑ ራሱ እንዲሠራው መተው ይቻላል። ለዚያውም በኢምንት ኃይል።

በሚድ ቤተ ሙከራ ይህን ሐሳብ በሥራ ካሳዩት አንዷ ሚሻ ማሆዋልድ ናት። የመጀመሪያ ዲግሪዋ በባዮሎጂ ነው። የዐይንን ሬቲና አሠራር ይዛ የሲሊከን ሬቲና ሠራች፤ ይኸው ሥራ በ1991 ሳይንቲፊክ አሜሪካን በተባለው መጽሔት ወጣ። አንዲት የባዮሎጂ ምሩቅ የቺፕ ምህንድስናን አንድ እርምጃ ወደፊት አራመደች ማለት ነው።

ቦአሄንም በዚያው መንገድ ቀጠሉ። በ1997 ዶክትሬታቸውን ይዘው በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ። እዚያም ካሪም ዛግሉል ከተባለው ተማሪያቸው ጋር ከዐይን ወደ አንጎል የሚሄዱትን አራት ዋና ዋና የሴል ዓይነቶች ምላሽ የሚያወጣ የሲሊከን ሬቲና ሠሩ። በ2005 ወደ ስታንፎርድ ተዛወሩ። የስታንፎርዱ ትልቅ ሥራቸው ኒውሮግሪድ ይባላል።

ኒውሮግሪድን ቀረብ ብለን እንየው። በእጅ የሚያዝ ታብሌት የሚያክል አንድ ሰሌዳ ነው። በላዩ 16 ቺፖች ተተክለዋል። የአንዱ ቺፕ ስፋት 12 በ14 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች ውስጥ 23 ሚሊዮን ያህል ትራንዚስተሮች አሉ። ትራንዚስተሮቹ በቡድን በቡድን ሆነው የነርቭ ሴል ሰርኪዩት ይሆናሉ፤ ሰርኪዩቶቹም በ256 ረድፍና በ256 ዓምድ ተሰልፈዋል። ተማሪዎች፣ አባዙት፦ 256 በ256 ሲባዛ 65,536 ይመጣል። ያን በ16 ቺፕ ስታባዙት 1,048,576 ይሆናል። በአንድ ሰሌዳ ላይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ሠራሽ የነርቭ ሴሎች፣ በመካከላቸውም በቢሊዮን የሚቆጠር ግንኙነት።

መልእክቱስ እንዴት ይተላለፋል? በረድፍ 40፣ በዓምድ 112 ያለው ሴል ተሞልቶ ምት አወጣ እንበል። ከቺፑ የሚላከው ረጅም መረጃ አይደለም፤ «ረድፍ 40፣ ዓምድ 112» የምትል አድራሻ ብቻ ናት። አድራሻዋ መቼ እንደደረሰች ማወቅ በቂ ነው፤ ጊዜው ራሱ መልእክት ነው። ምት ያላወጣ ሴል አድራሻ አይልክም፤ መስመርም አያጨናንቅም። ሴሉ ውስጥ ያለው ሥራ ልክ እንደ ተፈጥሮው ከፍና ዝቅ በሚል ጅረት ይከናወናል፤ በሴልና በሴል መካከል ያለው ደብዳቤ ግን በዲጂታል ይሄዳል። ሁለቱን ማጣመር የቦአሄን ቤተ ሙከራ ዋና ሙያ ነው።

በ2014 ቡድኑ የሥራውን ዝርዝር ሲያሳትም፣ ይህ አንድ ሚሊዮን ሴል የያዘ ሰሌዳ የሚፈጀው ኃይል ሦስት ዋት ገደማ እንደሆነ አስታወቀ። ሴሎቹ የሚሠሩትም በእውነተኛው ነርቭ ፍጥነት ነው። የሰሌዳው ዋጋ በዚያን ጊዜ 40 ሺህ ዶላር ያህል ነበር። ቺፖቹ የተሠሩት ግን ያኔ እንኳ አሮጌ በሚባል የማምረቻ ዘዴ ነበር። በአዲሱ ዘዴ በብዛት ቢመረት ዋጋው መቶ እጥፍ ሊወርድ እንደሚችል ፕሮፌሰሩ ገልጸው ነበር።

በዚህ መንገድ የሚጓዙት ቦአሄን ብቻ አይደሉም። አይቢኤም የተባለው ኩባንያ በዚያው በ2014 ትሩኖርዝ የተባለ፣ አንድ ሚሊዮን ሴልና 256 ሚሊዮን ሲናፕስ ያለው ቺፕ አወጣ። ኢንቴል በ2017 ሎይሂን አስከተለ፤ በ2024 ደግሞ 1,152 የሎይሂ ሁለት ቺፖችን በአንድ ሣጥን አጣምሮ 1.15 ቢሊዮን ሴል ያለው ሃላ ፖይንት የተባለ ሥርዓት አሳየ። በእንግሊዝ የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ስፒኔከር የተባለው ማሽን በ2018 አንድ ሚሊዮን የፕሮሰሰር ኮሮች ላይ ደረሰ።

ይሁን እንጂ እውነቱን እንናገር። እነዚህ ቺፖች ገበያውን አልያዙም። ዛሬ በዓለም ላይ ያለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ የተሸከሙት ኃይል የሚበሉት ተራዎቹ ቺፖች ናቸው። ምክንያቱም ነርቭ መሳይ ቺፕን ማሠልጠን ገና ከባድ ነው፤ ፕሮግራም የሚጽፉለት ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ አንጎል ራሱ እንዴት እንደሚማርም ሳይንስ ጨርሶ አልደረሰበትም። ቦአሄን እዚህ ላይ እጃቸውን አላጣጠፉም። በ2022 ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ እስካሁን ሲኮረጅ የኖረው ሲናፕስ ብቻ መሆኑ እንደማይበቃ ተከራክረዋል። የነርቭ ሴል መልእክት የሚቀበልባቸው ዴንድራይት የተባሉ ቅርንጫፎች አሉት። ምቶቹ በቅርንጫፉ ላይ የሚደርሱበት ቅደም ተከተል ራሱ ትርጉም አለው፤ ስለዚህ በጥቂት ምት ብዙ ነገር መናገር ይቻላል ይላሉ። ለአሥርት ዓመታት አንድ ጥያቄ ይዞ አለመልቀቅ ማለት ይህ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

«ታዲያ ይህ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ፣ ከእኛም መካከል ለዚህ ዘርፍ ጎረቤት በሆነ መስክ የሠሩ አሉ። ኢትዮጵያዊው ዶክተር ሰሎሞን አሰፋ በአሜሪካው ኤምአይቲ ፊዚክስና ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተምረው ዶክትሬታቸውን በ2004 አግኝተዋል። በአይቢኤም የምርምር ማዕከል የሠሩበት ዘርፍ ሲሊከን ናኖፎቶኒክስ ይባላል፤ በቺፖች መካከል መረጃ በመዳብ ሽቦ ሳይሆን በብርሃን እንዲጓዝ የሚያደርግ ነው። ልብ በሉ፣ ችግሩ ያው የማመላለስ ችግር ነው። ቦአሄን ምልልሱን ለመቀነስ ሠሩ፤ ዶክተር ሰሎሞን ደግሞ ምልልሱን ለማቅለል። በ2011 የኤምአይቲ ቴክኖሎጂ ሪቪው ከዓለም ምርጥ ወጣት ፈልሳፊዎች ዝርዝር አስገባቸው፤ በኋላም በናይሮቢና በጆሃንስበርግ ያሉትን የአይቢኤም የምርምር ማዕከሎች መርተዋል።

ሁለተኛው ነገር ኃይል ነው። መብራት በማይጠፋበት አገር ቺፕ አብዝቶ ቢፈጅ የሚያስከፍለው ገንዘብ ነው። መብራት ባልደረሰበት ቀበሌ ግን ነገሩ የመሥራትና ያለመሥራት ጉዳይ ነው። የአሜሪካ መጤ ተምች በ2009 ዓመተ ምሕረት ወደ አገራችን ሲገባ በቆሎ ማሳ ውስጥ ገብቶ ቅጠል እየገለጡ መፈተሽ የገበሬውና የልማት ባለሙያው ዕለታዊ ሥራ ሆነ። ከሲሊከን ሬቲና ምርምር የተወለዱ ካሜራዎች ዛሬ በገበያ ላይ አሉ፤ ፎቶ እያከታተሉ ከማንሳት ይልቅ በፊታቸው የተለወጠውን ነጥብ ብቻ ይናገራሉ። እንዲህ ያለ ካሜራ ከነርቭ መሳይ ቺፕ ጋር ቢጣመር በትንሽ የፀሐይ ፓነል ማሳ ዳር ቆሞ ነፍሳትን መቁጠር፣ የመስኖ ቦይ ውኃ ሲጎድል ማሳወቅ ይችላል። ኢንተርኔትና ትልቅ ዳታ ሴንተር ሳይጠብቅ እዚያው ማሳው ላይ ይወስናል። ይህን መሣሪያ ቡሬ ላይ ማንም ገና አልተከለውም። የሚተክለው ሰው ግን በቆሎንም ተምችንም የሚያውቅ ቢሆን ይሻላል። በቆሎ መዝሪያ ሠርቶ የጀመረው ተማሪ የት እንደደረሰ ሰምታችኋል።

ሦስተኛው ለተማሪዎች ነው። «ባዮሎጂ ሐኪም ለሚሆን፣ ፊዚክስ መሐንዲስ ለሚሆን» የሚል አባባል በየትምህርት ቤቱ አለ። በዚህ ዘርፍ ግን አንዱን ትቶ ሌላውን መያዝ አያዋጣም። የነርቭ ሴልን የአዮን ቀዳዳ የማያውቅ መሐንዲስ ምን እንደሚኮርጅ አያውቅም፤ የኦምን ሕግ የማያውቅ ባዮሎጂስት ደግሞ ነርቭ እንዴት እንደሚናገር ሊገባው አይችልም። የሁለተኛ ደረጃ መጻሕፍታችሁ ውስጥ ሁለቱም አሉ፦ ስለ ነርቭ ሥርዓት የሚያስተምረው የባዮሎጂ ምዕራፍና ስለ ኤሌክትሪክ ጅረት የሚያስተምረው የፊዚክስ ምዕራፍ። ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቧቸው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ መሠረት ፖሊ ቴክኒክ ሆኖ የተጣለው ከስልሳ ዓመት በፊት ነው፤ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም እዚሁ ቡሬ ላይ ካምፓስ አለው። መንገዱ ሩቅ ቢሆንም ደጃፉ ቅርብ ነው።

አሁን ለክፍል ውይይት ቃል የገባነውን ሦስት ጥያቄ እናንብብ። አንድ፦ በተራ ኮምፒውተር ውስጥ ብዙ ኃይል የሚባክነው በምን ላይ ነው? ሁለት፦ የነርቭ ሴል ምት የሚያወጣው መቼ ነው? ምት ካወጣ በኋላስ ምን ይሆናል? ሦስት፦ በአካባቢያችሁ መብራት ሳይኖር ሊሠራ የሚገባው አንድ መሣሪያ ምረጡ፤ ምን ማየት ወይም ምን መስማት እንዳለበት፣ መቼ ዝም ማለት እንዳለበት በጽሑፍ አስረዱ።

መምህራን፣ ሦስተኛውን ጥያቄ በቡድን አሠሯቸው፤ ከቡድኑ አንዱ ባዮሎጂ የሚወድ፣ አንዱ ፊዚክስ የሚወድ፣ አንዱ ደግሞ ማሳ ውሎ የሚመጣ ተማሪ ይሁን። ወላጆች፣ ልጃችሁ አሮጌ ሬዲዮ ፈትቶ ሲበትን ብታገኙት ከመቆጣታችሁ በፊት ምን ሊያይ እንደፈለገ ጠይቁት። 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)